ሦስት ጉንጭ

ሐውልት ለቁርቁራ፣ ልናቆም ነው ብለው፣
መጡ ካውራጃው ልጆች፣ ካሜራ አንጠልጥለው።
«ስንት ቀን ፈጀ?» አሉ፣ ደብተር ገልጠው ቆመው፤
«አንድ ሌሊት» ስላቸው፣ ጠየቁኝ ደግመው።

ትንሽ ናት ልጆቼ፤ መጽሐፍ አያውቃትም፤
በጎንደር አደባባይ፣ ፉከራ የላትም።
ሰማንያ ክንድ ካብ፣ ሽቦ የዞረባት፣
አንድ መትረየስ ነው፣ ከጣራው ያለባት፤
ከአንገረብ በስተላይ፣ ከሱዳን በወዲህ፤
ምሽግ ካላችኋት፣ ምሽግ ነበረች እንዲህ።
ዛሬ ካቡ ፈርሷል፤ ፍየል ያድርበታል፤
የሰሊጥ አጫጆች፣ እሳት ያነዱበታል።

ውስጧ አርባ ባንዳ፣ ሁለት ነጭ አዛዦች፤
እኛ ሠላሳ አንድ፣ ግማሻችን ልጆች።
የኔ ሥራ ጥይት፣ መቁጠር ነበር ያኔ፤
አሥራ ሰባት ፍሬ፣ ታስሮልኝ በጎኔ።
ውጅግራም ነበረኝ፣ ቁመቴን የበለጠች፣
ከጠላት አስቀድማ፣ ትከሻዬን የቀጠቀጠች።

ምሽጓ ምንጭ አልነበራት፤ ከአንገረብ እየቀዱ
አራት አህዮች ናቸው፣ ወጥተው የሚወርዱ።
ሐሙስ አህዮቹን፣ ወደኛ ሰፈር ነዳን፤
ዓርብ የነሱን ውሃ፣ ከነሱ ወንዝ ቀዳን፤
ቅዳሜ ሌሊቱን፣ ካቡ ጥግ ተኝተን፣
የበርሜል ሆድ ሲፋቅ፣ ሰማን ጆሮ ሰጥተን።

ቀኛዝማች ወረታ፣ ጥቂት አሰበና
«ጫኑ» አለ «ውሃውን፤ በርሜሉ ይሙላና።»
«ለጠላት?» አለችው፣ እንጉዳይ ተቆጥታ፤
«ባዶው ነው የሚያወራ፤ ሙሉው ዝም ይላል ማታ።»

ግራጫዋ መራች፣ ማንም ሳይነዳት፤
አቀበቷን ለምዳ፣ ጨለማም አልጎዳት።
ከኋላዋ አዛናው፣ ከአዛናው ኋላ እኔ፤
ጭራዋን ጨብጬ፣ ላቤ ወርዶ በዓይኔ።
ሽቦው ላይ ቆርቆሮ፣ አንጠልጥለው ለቃጭል፣
ነፋስ በነካው ቁጥር፣ ልቤ ሲንጠለጠል።

ሳንጠራ፣ ሳናንኳኳ፣ በሩ ተከፈተ፤
የወንዛችን ልጅ ጫኔ፣ እየተጎተተ።
ጫኔና እኔ ድሮ፣ ባንድ የኔታ እግር ሥር
ፊደል ስንለቅም፣ ዱላ ስንካፈል ነበር።
ሃምሳ ሊሬ በወር፣ ጎንደር ወጥቶ ሰማ፤
እናቱ ተርባለች፤ ሄደ፣ ምን ያድርግማ።
አሁን ቆቡን ጥሎ፣ ጠመንጃውን ትቶ፣
በርሜሉን አቀፈው፣ ጉልበቱ ተረትቶ።

አዛናው በክርኑ፣ «በለው!» ብሎ ነካኝ፤
ጣቴን ያባቴ ቃል፣ ይዞ አላስነካኝ፤
«ውሃ ሲጠጣማ፣ እባብም አይመታ፤
ውጦ እስኪጨርስ፣ ጠብቀው ላንድ አፍታ።»

ጠበቅሁት።
አንድ ጉንጭ።
ሁለት ጉንጭ።
በሦስተኛው ጉንጭ ላይ፣ ከጣራው ፋኖስ በራ፤
አዛናው ወደቀ፣ በግራጫዋ ግራ።
ከተበሳው በርሜል፣ ውሃው እየፈሰሰ
ከደሙ ጋራ ሆኖ፣ እግሬ ሥር ደረሰ።

የቀረውን ሄዳችሁ፣ ከፎካሪ ስሙ፤
ፀሐይ ሲሞቅ ነጮቹ፣ እጅ ሰጥተው ቆሙ፤
እንጉዳይ መትረየሱን፣ ስትጎትት አየኋት፣
የጋለው አፈሙዝ፣ መዳፏን ልጦባት።
አርባ አንድ ጠመንጃ፣ ሁለት ጆንያ ዱቄት፣
አንድ የሚዘፍን ሳጥን፣ ሸክላው የተሰበረበት።
ማምሻውን ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ፍሬ።
አንዲትም አልጎደለች፤ አሉኝ እስከ ዛሬ።

ጫኔ? ጫኔማ ኖረ። ሰባት ልጅ ወለደ።
ሳንጃ ገበያ ላይ፣ በበቅሎ እየሄደ
ሲያየኝ ይወርድና፣ ባርኔጣውን አውልቆ
ዝም ይላል። ዝም እላለሁ።
የምንባባለው ሁሉ፣ ያኔ በር ላይ አልቆ።
ያዛናው እናት ግን፣ በየሙት ዓመቱ
«ምን ስትጠብቅ?» ትለኝ፤ እኔም ዝም፣ እንደ ጥንቱ።

አቁሙት ሐውልቱን። ስሞቹን ጻፉበት።
አዛናው ፈንቴ በሉ፣ መጀመሪያው ላይ በጉልህ ቅረጹበት።
አህያዋን አትርሱ። ግራጫዋን። እሷ
ማንም ሳያዛት ነው፣ የወጣች በራሷ።
ከሐውልቱ ግርጌ፣ ገንዳ ጥረቡ፣ ከመዳፍ ያልሰፋ፤
ሦስት ጉንጭ የሚይዝ።
ዝናብ ይሙላው። በጋ ሲሆን ይጥፋ።

በቃ። ደብተሩን እጠፉት፤ መሽቷል።